ድረ ገጽ ሲያግድዎት “ቶር” ያስጥልዎታል?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ እያንዳንዱ ባንክ የየራሱን የዶላር ዋጋ በድረ ገጹ ላይ ያወጣል፡፡ አስመጪው ደግሞ ጠዋት ጠዋት የየባንኩን ድረ ገጽ እየከፈተ ሲያነጻጽር ሻዩ ይቀዘቅዛል፡፡ አንድ የማውቀው ወጣት ፕሮግራመር “ይህን ሥራ ለምን ኮምፒውተር አይሠራውም?” አለና በአንድ ሌሊት የሁሉንም ባንኮች ዋጋ ለቅሞ በአንድ ሰንጠረዥ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ጻፈ፡፡ ፕሮግራሙ ሠራ፡፡ ችግሩ ከመጠን በላይ መሥራቱ ነበር፡፡ ልጁ ዋጋ ሲለወጥ ቶሎ ልወቅ ብሎ በየአምስት ሰከንዱ እንዲጠይቅ አድርጎት ኖሮ፣ በሦስተኛው ቀን የአንደኛው ባንክ ድረ ገጽ ተዘጋበት፡፡

በእሱ ብቻ ቢዘጋ ደግ ነበር፡፡ ቢሮው ያለበት ሕንፃ ተከራዮች በሙሉ የሚጋሩት አንድ የኢንተርኔት መስመር ነው፡፡ ምድር ቤት ያለችው የጉዞ ወኪል፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያሉት የሒሳብ አዋቂ፣ ሁሉም ያንን ባንክ መክፈት አቃታቸው፡፡ ወኪሏ ማን እንዳደረገው እስክትደርስበት ድረስ ልጁ በኋላ በር መግባት ጀመረ፡፡

“ጋሼ፣ በቶር በኩል ብሞክረው አይከፍትልኝም?” ብሎ ደወለልኝ፡፡ በስልክ የመለስኩለት አጭር ነበር፤ ለአንባቢያን ግን ጉዳዩን ሰፋ አድርጎ ማስረዳቱ ይጠቅማል ብዬ አሰብኩ፡፡ ዛሬ ከድረ ገጽ ላይ መረጃ የሚለቅመው ብዙ ነው፡፡ ባለሙያዎቹ “ስክራፒንግ” ይሉታል፡፡ የቤት ኪራይ ዋጋ የሚያጠና ተማሪ፣ የጨረታ ማስታወቂያ የሚያሰባስብ ድርጅት፣ የውጤት መግለጫ የሚጠባበቅ ቤተሰብ ሳይቀር ያደርገዋል፡፡ ሲታገዱ ደግሞ ሁሉም በቅድሚያ የሚሰሙት ምክር “ቶርን ተጠቀም” የሚል ነው፡፡

አድራሻው የማን ነው?

ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘ መሣሪያ ሁሉ “አይ.ፒ. አድራሻ” በሚባል ቁጥር ይታወቃል፡፡ እንደ ፖስታ ሣጥን ቁጥር ይቁጠሩት፡፡ ደብዳቤ ጽፈው መልስ ከፈለጉ የሣጥን ቁጥርዎን መጻፍ የግድ ነው፤ ድረ ገጽም ሲከፍቱ ቁጥርዎ አብሮ ይሄዳል፤ አለበለዚያ ገጹ ወዴት ይላክልዎታል? ልክ አንድ መሥሪያ ቤት በአንድ ሣጥን ቁጥር የሁለት መቶ ሠራተኛ ደብዳቤ እንደሚቀበለው ሁሉ አንድ አይ.ፒ. አድራሻም የብዙ ሰው ሊሆን ይችላል፡፡

ይህ የሚሆነው በቁጥር እጥረት ነው፡፡ እስከ ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት አራተኛው የአድራሻ ስሪት ያሉት ቁጥሮች 4.3 ቢሊዮን ገደማ ናቸው፡፡ ለዓለም ስልክና ኮምፒውተር አልበቁም፡፡ ስለዚህ የስልክ ኩባንያዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ደንበኞችን በአንድ የውጭ አድራሻ ሥር ያስወጧቸዋል፡፡ ለዚሁ የውስጥ ሥራ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2012 ከ100.64 እስከ 100.127 ባሉት ቁጥሮች የሚጀምሩ አድራሻዎች ተለይተው ተመድበዋል፡፡ ስልክዎ ላይ እንዲህ ያለ ቁጥር ካዩ፣ የውጩ ዓለም የሚያየው ሌላ፣ ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር የሚጋሩት አድራሻ አለ ማለት ነው፡፡

የጋራ አድራሻ ሲታገድ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2007 የመጀመሪያ ቀን ላይ ዊኪፒዲያ በገጾቹ ላይ ብልሹ ነገር የሚጽፍ አንድ አድራሻ አገኘና ስም ሳይመዘግብ ጽሑፍ እንዳያርም ከለከለው፡፡ አድራሻው የአንድ ሰው አልነበረም፡፡ ኳታር በዚያን ጊዜ አንድ የኢንተርኔት አቅራቢ ብቻ ነበራት፤ የአገሪቱ ተጠቃሚ በጠቅላላው በዚያው ቁጥር ነበር የሚወጣው፡፡ እገዳው ስህተት መሆኑ ታውቆ እስኪነሳ ድረስ ግማሽ ቀን ያህል አንድ አገር በአንድ ባለጌ ጥፋት ተቀጣ፡፡

ድረ ገጾች ለቃሚ ፕሮግራምን የሚለዩት በአድራሻው ብቻ አይደለም፡፡ ሰው አንድ ገጽ ከፍቶ ያነባል፣ ይመለሳል፣ ይሳሳታል፤ ፕሮግራም ግን ገጽ 1፣ ገጽ 2፣ ገጽ 3 እያለ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በእኩል ልዩነት ይሄዳል፡፡ ሥዕሎቹን አይከፍትም፡፡ ራሱን ሲያስተዋውቅ የሚልከው የማሰሻ ስምም አብዛኛውን ጊዜ ያጋልጠዋል፤ ስሙን ቢዋሽ እንኳ ምስጢራዊ ግንኙነት ሲጀምር የሚያቀርባቸው ምርጫዎች ቅደም ተከተል እንደ ጣት አሻራ ሆኖ ይለየዋል፡፡ ከዚያ በኋላ የድረ ገጹ መልስ እንደ ባለቤቱ ጠባይ ነው፡፡ ጨዋው “429” የሚል ቁጥር ይልካል፤ “ጥያቄ አበዛህ፣ ቆይተህ ተመለስ” ማለት ነው፣ አንዳንዴም ስንት ሰከንድ መቆየት እንዳለብዎት ይነግርዎታል፡፡ ቆጣ ያለው “403” ይልና በሩን ይዘጋል፡፡ ተንኮለኛው ደግሞ ምንም ሳይል የተሳሳተ መረጃ ይመግብዎታል፡፡ ለእኔ ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይኸኛው ነው፤ የታገደ ሰው መታገዱን ያውቃል፡፡

የሽንኩርቱ መንገድ

ቶር (በ“ጦ” ሳይሆን በ“ቶ” ነው፤ ምንም እንኳ ከጦር ቤት ቢወጣም) መነሻው የአሜሪካ ባሕር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪ ነው፡፡ በ1990ዎቹ አጋማሽ ፖል ሲቨርሰን፣ ማይክል ሪድና ዴቪድ ጎልድሽላግ የተባሉ ተመራማሪዎች ያሳሰባቸው ነገር ቀላል ነበር፤ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆቴል ሆኖ ኢንተርኔት ሲጠቀም ከማን ጋር እንደሚገናኝ መንገድ ላይ ያለ ሰላይ እንዳያውቅ ምን ይደረግ? ያገኙት መፍትሔ “የሽንኩርት መንገድ” የሚል ስም ተሰጠው፡፡ በኋላ ሮጀር ዲንግልዳይንና ኒክ ማቲውሰን ከሲቨርሰን ጋር ሆነው ዛሬ ቶር የምንለውን ሠሩ፤ በ2002 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ፤ በ2006 ደግሞ የሚያስተዳድረው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ተመሠረተ፡፡

ባሕር ኃይሉ ይህን መሣሪያ ለሕዝብ ለምን ለቀቀ? ብለው ይጠይቁ ይሆናል፡፡ መልሱ የመላ ታሪኩ ቁልፍ ነው፡፡ የሚጠቀሙበት ሰላዮች ብቻ ቢሆኑ ከዚያ የሚወጣው ሁሉ ሰላይ መሆኑ ይታወቅ ነበር፡፡ አንድ ሰው በሕዝብ መካከል የሚሰወረው ሕዝብ ሲኖር ነው፡፡

አሠራሩ እንዲህ ነው፡፡ ኮምፒውተርዎ በፈቃደኞች ከተዘጋጁት በሺዎች የሚቆጠሩ አቀባባይ ኮምፒውተሮች መካከል ሦስት ይመርጣል፡፡ መልእክቱን በሦስት የምስጢር ልጣጭ ይጠቀልለዋል፡፡ የመጀመሪያው አቀባባይ የላይኛውን ልጣጭ ይልጥና ለሁለተኛው ያሳልፋል፤ ሁለተኛው የራሱን ልጦ ለሦስተኛው፤ ሦስተኛው የመጨረሻውን ልጦ ወደ ድረ ገጹ ያደርሰዋል፡፡ የመጀመሪያው እርስዎን ያውቃል፣ ወዴት እንደሚሄዱ አያውቅም፡፡ የመጨረሻው የሚሄዱበትን ያውቃል፣ እርስዎን አያውቅም፡፡ መካከለኛው ሁለቱንም አያውቅም፡፡ ድረ ገጹ የሚያየው የመጨረሻውን፣ የመውጫ በሩን አድራሻ ብቻ ነው፡፡

የመጀመሪያው አቀባባይ ለረዥም ጊዜ አይለወጥም፤ በየጊዜው ቢለዋወጥ አንድ ቀን ክፉ እጅ ላይ መውደቅ ስለማይቀር ነው፡፡ ሁለቱ ግን ይለዋወጣሉ፤ ለአዲስ ግንኙነት አንድ መስመር የሚያገለግለው ለአሥር ደቂቃ ገደማ ነው፡፡ ፕሮግራመር ከሆኑ “አዲስ መታወቂያ ስጠኝ” የሚል ትእዛዝ ልከው ከዚያ በፊት ማስለወጥ ይቻላል፡፡ ለቃሚዎች በቶር የሚማረኩት በዚህ ነው፡፡ አድራሻ ታገደ? ለውጥና ቀጥል! ገንዘብም አይከፈልበትም፡፡

መውጫው በር ላይ

እዚህ ላይ ነው ምክሩ የሚፈርሰው፡፡ ቶር የሚደብቀው ማን እንደሆኑ እንጂ በቶር መጠቀምዎን አይደለም፡፡ የመውጫ በሮቹን ዝርዝር ራሱ የቶር ድርጅት ለሕዝብ ያወጣዋል፤ ማንኛውም የድረ ገጽ ባለቤት በነፃ ወስዶ ለሰርቨሩ ሊሰጠው ይችላል፡፡ ይህ ግድየለሽነት አይደለም፡፡ አሠሪዎቹ ገና ከመጀመሪያው፣ አንድ ድረ ገጽ ስም አልባ እንግዳን መቀበል ካልፈለገ መብቱ ነው ብለው ስላመኑ ነው፡፡ በሮቹን መደበቅ ቢሞከር እንኳ የሚሳካ አይመስለኝም፤ ራሱ በቶር ደጋግሞ እየወጣ የሚመዘግብ ሰው በጥቂት ጊዜ ይደርስባቸዋል፡፡

በሮቹ ደግሞ ጥቂት ናቸው፡፡ ከአቀባባዮቹ መካከል መውጫ ለመሆን የሚደፍሩት አነስተኛው ክፍል ናቸው፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ አነሳዋለሁ፡፡ በዓለም ላይ በየቀኑ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች በእነዚህ በሮች ይወጣሉ፡፡ ስለዚህ የእርስዎ ፕሮግራም ገና የመጀመሪያ ጥያቄውን ሲልክ፣ ድረ ገጹ ያንን አድራሻ ትናንት በሌላ ሰው ጥፋት አግዶት ሊሆን ይችላል፡፡ የሌላ ሰው ዕዳ ይዘው ነው የሚቀርቡት፡፡

በዚህ ጉዳይ ትልቅ ክርክር የተነሳው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፡፡ ብዙ ድረ ገጾችን የሚጠብቀው ክላውድፍሌር የተባለ ኩባንያ ከቶር ከሚመጡለት ጥያቄዎች መካከል 94 በመቶው ተንኮል ያለባቸው ናቸው ብሎ ጻፈ፡፡ የቶር ሰዎች “እንዴት ቆጠራችሁት? አንድ ሰው ባጠፋ በዚያ በር የወጣውን ሁሉ ጥፋተኛ አድርጋችሁ ነው” ብለው ተቃወሙ፡፡ ማን ትክክል እንደነበረ እዚህ አንፈርድም፤ ለተራው የቶር ተጠቃሚ ግን ውጤቱ አንድ ነበር፡- የተሸፋፈነ ፊደል አንብብ፣ የትራፊክ መብራት ያለበትን ሥዕል ምረጥ፣ ደግመህ ምረጥ፡፡ ዊኪፒዲያም ቢሆን በቶር ማንበብ አይከለክልም፣ ማረም ግን ይከለክላል፡፡

ፕሮግራም በቶር ለሚልኩት ሌሎች ወጥመዶችም አሉ፡፡ አዲስ መስመር ማዘዝ አዲስ መውጫ ለማግኘት ዋስትና አይሆንም፤ ትእዛዙንም ሶፍትዌሩ በአሥር ሰከንድ ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ አይቀበልም፡፡ ሌላው የስም ፍለጋ ነው፡፡ ፕሮግራሙ መልእክቱን በቶር በኩል እየላከ፣ የድረ ገጹን ስም ወደ ቁጥር ለመቀየር ግን በግልጽ መንገድ የኢንተርኔት አቅራቢውን ሊጠይቅ ይችላል፡፡ ፊቱን ተሸፍኖ የታክሲ ረዳቱን “እነ እገሌ ቤት በየት ነው?” ብሎ እንደሚጠይቅ ሰው ነው፡፡ ከሁሉም በላይ ደግሞ የቶር ማሰሻ የተሠራው ተጠቃሚዎቹ በሙሉ እንዲመሳሰሉ ነው፤ የመስኮቱ መጠን፣ የፊደሉ ዓይነት፣ የሰዓቱ ቀጠና ሳይቀር አንድ ዓይነት ይመስላል፡፡ በእጅ የተጻፈ ፕሮግራም ያንን መልክ የለውም፡፡ ከቶር ወጥቶ የቶርን ማሰሻ የማይመስል እንግዳ፣ በነጭ ለባሾች ለቅሶ ላይ ቀይ ለብሶ እንደተገኘ ነው፡፡

በቶር የሚያልፍ ነገር ሁሉ የተሰወረ ነው ብለው ለሚያስቡም አንድ ነገር ልጨምር፡፡ መውጫ በሩ የመጨረሻውን ልጣጭ የሚልጠው እሱ ስለሆነ፣ ድረ ገጹ ራሱ ግንኙነቱን ካላመሰጠረ የሚያልፈውን ሁሉ ማንበብ ይችላል፡፡ በ2007 እ.ኤ.አ. ዳን ኢገርስታድ የተባለ ስዊድናዊ አምስት መውጫዎች ከፍቶ ቁጭ ብሎ አዳመጠ፤ የኤምባሲዎችን ጨምሮ የመቶ ያህል የኢሜይል ሣጥኖችን የይለፍ ቃል ሰብስቦ በአደባባይ አወጣው፡፡ ዲፕሎማቶቹ ቶር የሚሰውረው ላኪውን እንጂ ደብዳቤውን አለመሆኑን አልተረዱም ነበር፡፡ ያኔ ያልተመሰጠረ ድረ ገጽና ኢሜይል የተለመደ ነበር፡፡ ዛሬ አደጋው በጣም ቀንሷል፣ ግን አልጠፋም፡፡

በማን ኪሣራ?

የመውጫ በር ባለቤቶች ጥቂት የሆኑበት ምክንያት ከበሩ የሚወጣው ሁሉ በእነሱ ስም ስለሚጻፍ ነው፡፡ አንድ ሰው በቶር ተሸሽጎ ድረ ገጽ ቢያጨናንቅ፣ የቅሬታው ደብዳቤ የሚደርሰው በገዛ ገንዘቡ ሰርቨር ተከራይቶ በሩን ለከፈተው ፈቃደኛ ነው፤ ፖሊስ በራፉን ያንኳኳበትም አለ፡፡ ቅሬታ ሲደጋገም አከራዩ ኩባንያ ሰርቨሩን ይዘጋዋል፣ በሩም አንድ ይቀንሳል፡፡

በሩ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ደግሞ ሩቅ አይደሉም፡፡ በግንቦት 2004 ዓ.ም. የቶር ድርጅት፣ በወቅቱ ብቸኛው የአገራችን ቴሌኮም የኢንተርኔት መልእክቶችን ውስጣቸውን እየፈተሸ የቶርን ግንኙነት ለይቶ መዝጋቱን አስታወቀ፡፡ ከዚያ በኋላ የሠራላቸው “ድልድይ” በሚባሉ በዝርዝር ያልወጡ መግቢያዎች፣ ያውም የመልእክቱን መልክ በሚለውጥ ተጨማሪ ሶፍትዌር በኩል የገቡት ናቸው፡፡ በዚያን ዘመን የተዘጋ ጋዜጣ ድረ ገጽ ለማንበብ የኢንተርኔት ካፌ ጥግ ላይ ተቀምጦ አንድ ገጽ እስኪከፈት አሥር ደቂቃ የጠበቀ ሰው ይህን አይረሳም፡፡ በሰኔ 2010 ዓ.ም. መንግሥት 264 ድረ ገጾችን መክፈቱን እስኪያስታውቅ ድረስ ዝርዝሩ ረዥም ነበር፤ ከዚያ በኋላም ኢንተርኔት ሲዘጋና ሲከፈት አይተናል፡፡ እንዲህ ላለው አንባቢ የቆመን ቀጭን መስመር በየአምስት ሰከንዱ የዶላር ዋጋ ለሚጠይቅ ፕሮግራም ማዋል፣ በቦኖ ውኃ ወረፋ ላይ በርሜል ይዞ እንደመሰለፍ ነው፡፡

ይህ ሲባል መረጃ ፍለጋ በቶር መሄድ ሁሉ ስህተት ነው ማለት አይደለም፡፡ አንድ ጋዜጠኛ ስለ አንድ ኩባንያ ምርመራ ሲጀምር የኩባንያውን ድረ ገጽ ከዝግጅት ክፍሉ አድራሻ ደጋግሞ ቢከፍት፣ ባለ ድረ ገጹ “እነዚህ ሰዎች ምን ፈልገው ነው?” ማለቱ አይቀርም፡፡ ለእሱ ቶር ትክክለኛ መሣሪያ ነው፡፡ አንድ ገጽ ከሌላ አገር ሲታይ ምን እንደሚመስል ማረጋገጥ ለሚፈልግም እንዲሁ፡፡ ልዩነቱ ብዛቱ ላይ ነው፡፡ አሥር ገጽ ማንበብና አሥር ሺሕ ገጽ ማጋዝ አንድ አይደለም፡፡

ሌሎቹ መንገዶች

“አይ.ቱ.ፒ.” የሚባለውን ኔትወርክ የሚመክሩ አሉ፡፡ የተሠራው በዋናነት በራሱ ውስጥ ላሉ ድረ ገጾች ነው፤ ወደ ተራው ኢንተርኔት የሚያወጡት በሮች በጣም ጥቂት ስለሆኑ ለዚህ ሥራ አይሆንም፡፡

የዛሬ ለቃሚዎች በብዛት የሚሄዱት በገንዘብ ወደሚከራዩ “የመኖሪያ ቤት ፕሮክሲዎች” ነው፡፡ ጥያቄው ከሰርቨር ሳይሆን ከእውነተኛ ሰው ቤት ወይም ስልክ የወጣ ስለሚመስል ድረ ገጾች ለማገድ ይቸገራሉ፡፡ ጥሩ፣ ግን ያ ሰው ማን ነው? ፈቅዷል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2015 ሆላ የተባለው ነፃ ቪ.ፒ.ኤን. የተጠቃሚዎቹን መስመር ሉሚናቲ በሚባል እህት አገልግሎት በኩል ለሌሎች እንደሚሸጥ ያደባባይ ወሬ ሆነ፡፡ ውሉ ላይ ተጽፏል ተባለ፤ ውል የሚያነብ ማን አለ? በሜይ 2024 ደግሞ የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር “911 ኤስ5” የተባለ መረብ መበጠሱን ሲያስታውቅ በሥሩ ከ19 ሚሊዮን በላይ አድራሻዎች መገኘታቸውን ገለጸ፡፡ ሰዎቹ ነፃ ቪ.ፒ.ኤን. ጫንን ሲሉ ኮምፒውተራቸው ለወንጀለኞች ሲከራይ ነበር፡፡ አንባቢ ሆይ፣ ስልክዎ ላይ ያለው ነፃ ቪ.ፒ.ኤን. ወጪውን ማን እንደሚሸፍንለት አንድ ጊዜ ያስቡ፡፡ ጥቅል ካርድዎ ያለ ምክንያት ቶሎ የሚያልቅ ከሆነማ ደግመው ያስቡ፡፡

ፍርድ ቤቶቹ ምን አሉ?

እገዳን በሌላ አድራሻ ማለፍ አዲስ ነገር አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2000 ካሊፎርኒያ ውስጥ የጨረታው ድረ ገጽ ኢቤይ፣ ቢደርስ ኤጅ የተባለውን ዋጋ አነጻጻሪ ከሰሰ፡፡ ቢደርስ ኤጅ በቀን መቶ ሺሕ ጊዜ ያህል ይጠይቅ ነበር፤ ኢቤይ 169 አድራሻዎች ቢዘጋበት በፕሮክሲ እየዞረ ቀጠለ፡፡ ዳኛው ይቁም ብለው አዘዙ፡፡ በ2013 ክሬግስሊስት ስሪታፕስን በከሰሰበት ጉዳይ ፍርድ ቤቱ ከዚያም ሄደ፤ በደብዳቤ አትድረስብኝ የተባለና አድራሻው የታገደ ሰው፣ አድራሻ ለውጦ ቢገባ “ያለ ፈቃድ መግባት” ሊሆን ይችላል አለ፡፡

በሌላ በኩል ሃይኪው የተባለ ኩባንያ ከሊንክድኢን ጋር ባደረገው ክርክር የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በኤፕሪል 2022፣ ለማንም ክፍት የሆነን ገጽ መልቀም በኮምፒውተር ወንጀል ሕጉ የሚያስከስስ አይመስልም አለ፡፡ ለቃሚዎች ጨፈሩ፡፡ ጭፈራው ዓመት አልሞላውም፤ ሃይኪው የአጠቃቀም ውሉን ጥሰሃል ተብሎ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ በ500 ሺሕ ዶላር ጉዳዩ ተዘጋ፡፡

ለእኔ ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የአሮን ስዋርትዝ ታሪክ ነው፡፡ ወጣቱ ገና በ14 ዓመቱ ዜና ከድረ ገጽ ወደ ድረ ገጽ የሚተላለፍበትን ደንብ ካወጡት ሰዎች አንዱ ነበር፡፡ በሴፕቴምበር 2010 ከኤም.አይ.ቲ. ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ አንድ ላፕቶፕ ሰክቶ ከጄስቶር የጥናት ጽሑፎች ክምችት ውስጥ በትንሽ ፕሮግራም ማውረድ ጀመረ፡፡ ጄስቶር አድራሻውን፣ 18.55.6.215ን፣ አገደ፡፡ በማግስቱ ኮምፒውተሩ 18.55.6.216 ሆኖ ተመለሰ፡፡ የአንድ ቁጥር ልዩነት፡፡ ጄስቶር ሰፋ አድርጎ አገደ፤ ዩኒቨርሲቲው የማሽኑን መለያ ቁጥር ለይቶ ከለከለ፤ ልጁ ያንንም ለወጠ፡፡ በኦክቶበር ላይ ፕሮግራሙ ከመፍጠኑ የተነሳ ጄስቶር የዩኒቨርሲቲውን መላ ማኅበረሰብ ለቀናት ዘጋ፤ ምንም ያላጠፉ ተመራማሪዎች ጽሑፍ አጡ፡፡ በመጨረሻ ላፕቶፑ በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት የሽቦ ክፍል ውስጥ ተገኘ፣ ካሜራም ተጠመደ፡፡ ስዋርትዝ ጃንዋሪ 6 ቀን 2011 ተያዘ፡፡

ወርዶ የነበረው 4.8 ሚሊዮን ያህል ጽሑፍ ነው፡፡ ጄስቶር ራሱ በስምምነት ጨርሶ ነበር፤ የፌዴራል አቃቤ ሕግ ግን አልተወም፤ ክሱ ወደ 13 አደገ፣ በወረቀት ላይ አሥርተ ዓመታት የሚያስቀጣ ሆነ፡፡ ስዋርትዝ ክርክሩ ሳይጀመር ጃንዋሪ 11 ቀን 2013 በ26 ዓመቱ በራሱ እጅ ሕይወቱን አጠፋ፡፡ ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋር አይመጣጠንም ነበር የሚሉት ብዙዎች ናቸው፣ እኔም አንዱ ነኝ፡፡ ግን የክሱን ወረቀት ላነበበ አንድ ነገር ግልጽ ነው፤ አቃቤ ሕጉ “ያውቅ ነበር” ለማለት የተጠቀመው በእያንዳንዱ እገዳ ማግስት የተለወጠውን አድራሻ ነው፡፡

በእኛም አገር የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወይም ከፈቃድ በላይ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን ይቀጣል፡፡ የሚለቅሙት የሰዎች ስም፣ ስልክና አድራሻ ከሆነ ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይመጣል፡፡ ለንግድ የሚሠሩ ከሆነ ጠበቃ ማማከሩ ከፕሮክሲ ኪራይ ይረክሳል፡፡

ታዲያ ምን ይደረግ?

መጀመሪያ የሚለቅሙት ነገር በፋይል ተዘጋጅቶ እንደሆነ ይፈልጉ፡፡ ዊኪፒዲያን ገጽ በገጽ የሚለቅሙ ሰዎች ያስገርሙኛል፤ ጠቅላላው ይዘቱ ለማውረድ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፡፡ (በ2025 ዊኪሚዲያ ለሥዕልና ለቪዲዮ የሚያወጣው የመስመር ፍጆታ ከጃንዋሪ 2024 ወዲህ በ50 በመቶ ማደጉን ሲናገር፣ የጨመረው አንባቢ ሳይሆን ለቃሚ ነው ብሏል፡፡) ፋይል ከሌለ “ሮቦትስ” የሚባለውን የድረ ገጹን የደንብ ፋይል ያንብቡ፤ ማርቲን ኮስተር በ1994 ካቀረበው ጀምሮ ድረ ገጾች ለፕሮግራሞች የቱ እንደሚፈቀድና የቱ እንደሚከለከል የሚነግሩበት ነው፡፡

ፍጥነቱን ይቀንሱ፡፡ በቀን አንድ ጊዜ የሚለወጥ ዋጋ በቀን ሁለቴ ቢጠየቅ ይበቃዋል፡፡ ያወረዱትን ያስቀምጡ፤ ሲመለሱም “ካለፈው ወዲህ ተለውጧል ወይ?” ብሎ መጠየቅ የሚያስችል ደንብ አለ፤ ካልተለወጠ ሰርቨሩ “304” ብሎ በአጭሩ ይመልሳል፣ ገጹን ዳግም አይልክም፡፡ 429 ከመጣ በተባለው ጊዜ ይቁሙ፣ ካልተባለም የጥበቃውን ጊዜ እያጠፉ ይሂዱ፤ አንድ ደቂቃ፣ ሁለት፣ አራት፡፡ በፕሮግራሙ መታወቂያ ላይ ስምዎንና ኢሜይልዎን ይጻፉ፡፡ ይህን ስል የሚስቁብኝ አሉ፤ ነገር ግን የድረ ገጹ ኃላፊ ከመዝጋቱ በፊት የሚጽፍለት ሰው ሲያገኝ ብዙ ጊዜ ይጽፋል፡፡

ወደ ልጁ ልመለስ፡፡ ቶርን ሞክሮት ነበር፣ ሳይነግረኝ፡፡ ባንኩ የመውጫ በሮቹን በሙሉ ቀድሞ ዘግቷቸው ኖሮ አንድም አልተከፈተለትም፡፡ በመጨረሻ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጽፎ ይዞ ሄደ፤ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ የኮምፒውተር ክፍሉን ሰው አገኘ፡፡ ሰውየው “አንተ ነህ እንዴ? የውጭ ጥቃት መስሎን ሁለት ሌሊት አድረናል” አለው፡፡ የሕንፃው አድራሻ በማግስቱ ተከፈተ፡፡ ፕሮግራሙ አሁን በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ይጠይቃል፡፡ የጉዞ ወኪሏ ግን ይቅር ለማለት አልቸኮለችም፤ ለአንድ ሳምንት ያህል የማኪያቶዋን ሒሳብ የከፈለው እሱ ነው፡፡